የክሩ ጫፍ የት ገባ

ኅዳር 3

ለእህትሽ ስል የማስብሽ፣ ለራስሽም ስል የምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ፈጣሪ ዓይንሽን ከመርፌ፣ ጣትሽን ከወስፌ ይጠብቅልሽ። ያለሽበት አገር ብርዱ አይክበድብሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ለጸሎት ስንበረከክ ነው የሚያጉረመርመው፤ ለሥራ ሲሆን ዝም ይላል። ይሄ የእሱ ኃጢአት ይሁን የኔ ገና አልለየሁም።

ስለ ሥራዬ ጽፌልሽ አላውቅም። ከመገጣጠሚያው አዳራሽ ካወጡኝ ቆይቷል። አሁን ያለሁት ከፋብሪካው ጀርባ፣ የመስኮቷ መስታወት ነጭ ቀለም በተቀባ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ሥራችን ማፍረስ ነው። ፋብሪካችን የሌላ ፋብሪካ አዲስ መኪና እንደማንኛውም ሰው ከመሸጫው ይገዛል። የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ሳይነሳ ወደኛ ይገባል። እኛ በሩን፣ ወንበሩን፣ ሞተሩን፣ እስከ ትንሿ ብሎን ድረስ እየፈታን፣ እየመዘንን፣ ግድግዳው ላይ በሽቦ እንሰቅላለን። ከዚያ መሐንዲሶቹ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው እየዞሩ ያያሉ፤ ይሄን እንዴት አቀለሉት፣ ያንን እንዴት በሁለት ብሎን ብቻ አሰሩት እያሉ። የመጀመሪያው ቀን ሬሳ ቤት የገባሁ መስሎኝ ነበር። አሁን ለመድኩት።

በቀደም የገባችው መኪና ግን አንቺ የምትሠሪበት የእናንተ ፋብሪካ ሥራ ናት።

መሪውን መፍታት የኔ ተራ ነበር። ቆዳው ላይ እጄን ሳዞር ስፌቱ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ የሚያልቅበት የለም። በሌሎቹ መኪኖች መሪ ላይ ክሩ የሚያልቅበት ቦታ አውራ ጣት የምትቆረቁር ቋጠሮ አለች። በእናንተ የለችም። አንድ ወጣት መሐንዲስ አለን፤ ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ ሠራተኛው "ለምን" ብሎ ነው የሚጠራው። እሱ በማጉያ መነጽር አየ፣ ባትሪ አብርቶ አየ። "የክሩ ጫፍ የት ገባ? ሙጫ ነው? ለምን አይታይም?" አለ። እኔ ሳቄ መጣ። እህትሽ የአባታችሁን ስፌት ስትሰፋ ስንት እሑድ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ! ክሩን መልሳ በራሱ ሥር እያሳለፈች፣ በወስፌው ጫፍ ገፋ አድርጋ ትቀብረውና "በል እንግዲህ ፈልገው" ትለኝ ነበር።

ሰው ሳያየኝ ቆዳውን ሳምኩት። የሕፃን ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። ያንቺ እጅ ይሆን? ቢሆንም ባይሆንም ጻፊልኝ። ሌላም የምነግርሽ ነበረኝ፤ ወረቀቱ አለቀብኝ።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ።

የእህትሽ ባል


ታኅሣሥ 20

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? እኔ ደኅና ነኝ፣ ጣቶቼም በቦታቸው አሉ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ፖስተኛውን ለመሳም ትንሽ ነው የቀረኝ። ሰውየው ፂሙን አይላጭም እንጂ አልመለስም ነበር።

ጋሼ፣ የኔ እጅ ነው! ወይ የኔ፣ ወይ አጠገቤ ከሚቀመጡት የአንዷ። በአንድ ረጅም አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተደርድረን ስድስት ሴቶች ነን መሪ የምንሰፋው፤ ሁሉንም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ አባታችን እኔንና እትዬን እንዳስተማረን። ኮርቻ ሲሰፋ ማንንም ከፊቱ እንደማያስቀምጥ ነግሬዎት ይሆን? "የሚማር ሰው ከጎን ነው የሚቀመጠው፣ ከፊት የሚቀመጥ እንግዳ ነው" ይል ነበር። ምክንያቱን አልነገረንም፤ እኛም ኩርኩም ፈርተን አልጠየቅነውም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርዎት። ባለፈው ዓመት እኛን አስነስተው የመሪ ቆዳ መስፊያ ማሽን ሊያስገቡ ነበር። አለቃችን ቶሎ ስለሚነድ ክብሪት እንለዋለን። እሱ ነው ሰብስቦ እንዲህ ያለን፦ "ማሽኑ ጫፉን መደበቅ አይችልም፤ ይሄ ስፌት ደግሞ ሌላ ፋብሪካ ውስጥ የለም። የቆያችሁት በዚህ ነው። ሌላ ቦታ ያየሁት ቀን ግን ለእጅ የምከፍልበት ምክንያት የለኝም።" ስለዚህ ጋሼ፣ የስድስታችንም ጉሮሮ የተንጠለጠለው በዚያች በማትታይ ጫፍ ላይ ነው።

ያ "ለምን" የምትሉት አሁንም እየፈለጋት ነው? ይፈልጋት! ዓይኑ ይጥፋ አልልም፣ የሰው ልጅ ነው፤ ግን አያግኛት። እርስዎም ሳቅዎን ይያዙልኝ። "ባሌ ሲስቅ ፊቱ ሁሉን ይለፈልፋል" ትል ነበር እትዬ።

የአባታችንን ወስፌ ደግሞ ጠየቀችኝ እንዳይሉ። በለቅሶው ሰሞን ጠይቄ "ከእሷ የቀረኝ እሱ ነው" ካሉኝ ወዲህ አፌን ዘግቻለሁ። ብቻ ዝገት እንዳይበላው ዘይት ነካ ያድርጉልኝ።

እግዜር ዕድሜዎን ያርዝመው።

ታናሽዎ


የካቲት 28

ለእህቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። የእጅሽን ሥራ የሚባርክ አምላክ ከአጠገብሽ አይለይ።

ደብዳቤሽ በጥር ወር ደርሶኛል። ታምሜ ነው የዘገየሁት ብልሽ ደስ ባለኝ፣ ግን ውሸት ይሆናል። ልጽፍ እቀመጥና ሰላምታውን ጨርሼ እነሣለሁ። ሰላምታ ብቻ ያለባቸው ብዙ ወረቀቶች አሉኝ።

ከዚህ ጋር የአባታችሁን ወስፌ ልኬልሻለሁ። ዘይት ቀብቼዋለሁ። እጀታው የተሰነጠቀው ዱሮ ነው፤ እኔ አይደለሁም። ካንቺ ጋር መሆን የነበረበት ከመጀመሪያውም ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኙ ነበርኩ።

ስለ መሪው ጠይቀሽኝ ነበር። ሥራ በዝቷል፣ ብዙ መኪና ይገባል ይወጣል። ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሻለሁ።

ጸልዪልኝ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።

የእህትሽ ባል


ግንቦት 6

ለጋሼ፣

እንደምን አሉ? ወስፌው በደኅና ገብቷል። እጄ ላይ ሳገኘው መጀመሪያ አለቀስኩ። ቀጥሎ ማሰብ ጀመርኩ። ሰው ጥርሱን ነክሶ የያዘውን ዕቃ ሳይጠየቅ ከሰጠ፣ ወይ ሊሞት ነው ወይ ያጠፋው ነገር አለ። ጤነኛ እንደሆኑ ደግሞ ራስዎ ጽፈውልኛል።

እኛም ጋ እንደናንተ ያለ ክፍል አለ ለካ። ሠራተኛ ስለማይገባበት ዕቃ ቤት ይመስለን ነበር። ባለፈው ወር ክብሪት ከአግዳሚው ላይ አስነሥቶ ወስዶ እዚያ አስገባኝ። ጠረጴዛው ላይ መሪ ተቀምጧል። ከእናንተ ፋብሪካ አዲስ መኪና ላይ የተፈታ ነው።

"ጫፉን ፈልጊልኝ" አለኝ።

አንድ ዙር እጄን አዞርኩ። የለም። እንደኛው ነው፣ የለም።

"እነሱ ፋብሪካ የምታውቂው ሰው አለ?"

"የለም።"

"ዘመድስ?"

"የእህቴ ባል ነበር።"

"ነበር?"

"ሞቷል። ነፍሱን ይማር።"

ጋሼ፣ ከአፌ ሲወጣ እንደ ሌላ ሰው ነው የሰማሁት። ያ እሳት የሆነ ሰውዬ ኮፍያውን አውልቆ "እግዜር ያጽናሽ" አለኝ። ወሬው ቀድሞኝ አግዳሚው ጋ ደርሶ ኖሮ፣ ከሥራ ስንወጣ አብረውኝ የሚሰፉት ልጆች ቤቴ ድረስ ሊያስተዛዝኑኝ መጡ። "ምን ዓይነት ሰው ነበር?" ሲሉኝ ምን ልበል? "ደግ ነበር" አልኩ። አብሬ አለቀስኩ። የምር ነው ያለቀስኩት።

እንግዲህ ገድዬዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። በፋብሪካው አድራሻ ከእንግዲህ አይጻፉልኝ፤ ሬሳ ደብዳቤ አይልክም። በፖስታው ጀርባ ባለው በጎረቤቴ አድራሻ ያድርጉት። በስፌቱ ነገር ግን ክብሪት አላመነኝም። ነገሩ እስኪጣራ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጬ ክር ብቻ ነው የማቀርበው። ከኛ መካከል አንዷ ሸጠችው ነው የሚለው፤ ልጆቹም እርስ በርስ መተያየት ጀምረዋል።

ምንም አልጠይቅዎትም።

ታናሽዎ


ሰኔ 2

እህቴ፣

ዛሬ ምርቃቴ አይድረስሽ፤ ከማን አፍ እንደሚወጣ ስታውቂ ላትፈልጊው ትችያለሽና።

ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልሽ አሳይቼ ጨርሼ ነበር። "ወረቀቱ አለቀብኝ" ያልኩሽ ሐሰት ነው፤ ወረቀት ሞልቶኛል። የአግዳሚያችሁን ነገር ያኔ አላውቅም ነበር። ይሄ እንደማያስመልጠኝ አውቃለሁ፣ ካወቅሁም በኋላ ዝም ብያለሁና። ወስፌውን የላክሁት በይቅርታ ፈንታ ነው። ይቅርታ ግን በፖስታ ቤት ሚዛን ተመዝኖ አይላክም።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። እህትሽ ካረፈች ወዲህ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ስለሷ የጠየቀኝ ሰው የለም። መጀመሪያ ሰሞን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ ከዚያ ተረሳች። ያን ዕለት "ለምን" ጫፉ የት ገባ ሲል፣ "ሚስቴ ታውቀው ነበር" አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣኝ። ክፍሉ በሙሉ ወደኔ ዞረ።

"ሚስትህ?" አለ። "እንዴት አድርጋ?"

እህቴ፣ ያቺን ጥያቄ ምን ያህል እንደራበኝ አላውቅም ነበር። ወንበር አመጡልኝ፣ ቆዳና ክር አመጡልኝ። እየሰፋሁ አወራሁ። ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ፣ ሲጣመምባት ወስፌውን "አንተ ሰነፍ" እያለች ስትቆጣው። ሳቁልኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ባሌ ሲስቅ ፊቱ ይለፈልፋል ያለችው ደረሰ። ስጨርስ ጫፉ ጠፋ፣ አጨበጨቡ። ከዚያ የሰፋሁትን ይዘው ወጡ። እሷን እኔ ጋ ተዉአት።

ያን ናሙና ሰፊዎቻችን ፈትተው፣ ክር በክር ተከትለው ተማሩበት። አሁን በየመኪናው ላይ አለ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ "ለምን" ዘንድ ሄድኩ። በእናንተ ምክንያት ሰው እየተጠረጠረ ነው አልኩት። "መኪናዋን በገንዘባችን ገዛን፣ የገዛነውን ፈታን። ማንን ዘረፍን?" አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እውነቱንም ነው፣ ሕግ ከሱ ጋር ነው። ጸሎት ላይ ስቆም ግን አንድ ነገር ይመጣብኛል። መኪናዋ ውስጥ የነበረው ተገዝቷል። በቤቴ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ግን አልተገዛም። እህትሽ ያሳየችኝ ባሏ ስለሆንኩ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የኔ የእጅም ነው፤ ምን ይሸው?

ለክብሪት ልጻፍለት። ሕያው ነኝ፣ ያሳየሁት እኔ ነኝ፣ እሷ አንዲት ቃል አልነገረችኝም ብዬ። ፍቀጂልኝ።

የእህትሽ ባል


ነሐሴ 11

እህቴ፣

እንደምን አለሽ? በየቀኑ የበሩን ሥር አያለሁ። መልስ የለም። አትጻፍ ማለትሽ ይሁን ጻፍ፣ ወይስ ስሜን መስማት አስጠልቶሽ፣ አላወቅሁም። ሁለት ልብ ሆኜ ከረምኩ። አንደኛው ልቤ "እሷ ሳትፈቅድ አንዴ ተናግረህ ያመጣኸውን አይተሃል" ይለኛል። ሌላው "አሁንም ዝም ካልክ ይኸው የሁለተኛ ጊዜህ ነው" ይለኛል። የቱ የእግዚአብሔር ድምፅ፣ የቱ የፍርሃቴ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ዛሬ ጠዋት ለክብሪት ጻፍኩለት፤ ላክሁትም። ከፖስታ ቤቱ ደረጃ ስወርድ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። እኔ ሕያው ከሆንኩ አንቺ ዋሽተሻል ማለት ነው። ተመልሼ መስኮቱን መታሁ። "አባባ፣ ከረጢቱ ሄዷል" አሉኝ።

አምላክ ይድረስልሽ። እኔ ከምደርስልሽ እሱ ይሻልሻል።

የእህትሽ ባል


ጥቅምት 17

ለጋሼ፣

ሳልጠራዎት ከሞት ተነሡ አይደል? ሌላው ሰው ሲነሣ ደስታ ነው፤ እርስዎ ግን ጉድ ይዘው ተነሡ።

መልስ ያልሰጠሁት ተናድጄ ነው። ልጽፍ እቀመጥና ስድቡን ጨርሼ እነሣለሁ። ስድብ ብቻ ያለባቸው ብዙ ወረቀቶች እኔም አሉኝ።

ክብሪት ደብዳቤዎን እያውለበለበ መጣ። "ሟቹ ሰላምታ ልኮልሻል!" አለኝ፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ። ያለቀሱልዎት እነዚያው ናቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። "ስለ ሞቱ ከዋሸሽ፣ አልነገርኩትም ያልሽውን ለምን አምንሻለሁ?" አለኝ። እርስዎ ሊያድኑኝ የጻፉት አንገቴ ላይ ገመድ ሆነ።

መጨረሻ ላይ ያንን መሪ ስጠኝ አልኩት። ያኔ በእጄ ብቻ ነበር እንድዳስሰው የፈቀደልኝ። አሁን ቁጣው ስለደከመው ነው መሰለኝ፣ ሰጠኝ። በአባታችን ወስፌ ጫፉ የገባበትን ከፈትኩ።

ጋሼ፣ ወደ ቀኝ ነው የገባው።

የኛ ክር ወደ ግራ ነው የሚመለሰው። የአባታችን ኮርቻ ሁሉ ወደ ግራ ነው። ከጎኑ ተቀምጦ የተማረ ሰው ሌላ ሊያውቅ አይችልም። ክብሪትን ጠርቼ "ይሄን የሰፋ ሰው ከፊት ለፊት ተቀምጦ ነው ያየው፤ የእህቴ ግራ ለእሱ ቀኝ ሆኖበት ነው" አልኩት። አላመነም። ልጆቹን አንድ በአንድ አስቀምጦ አሰፋቸው። ሁሉም ወደ ግራ። ከዚያ ደብዳቤዎን እንደገና አነበበ፣ "ሚስቴ ስትሰፋ እያየሁ" ያሉበትን ቦታ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። አባታችን ከፊቱ ሰው የማያስቀምጥበትም ምክንያት ያን ቀን ገባኝ።

አንዷ ሸጠችው የሚለው ቀረ። ሌላው ግን አልቀረም፤ አልደብቅዎትም። ስፌቱ እናንተም ጋ ስላለ አግዳሚው ተነሥቷል። ማሽኑ ገብቷል፤ ቋጠሮው አውራ ጣት ይቆረቁራል፣ ማንም ግድ አላለውም። ሦስቱ ልጆች ወንበር ስፌት ተመደቡ፣ ሁለቱ ተሰናበቱ። አንደኛዋ በለቅሶዎ ጊዜ ከሁሉ አብልጣ ያለቀሰችው ናት። እኔን "እጅ ከእጅ መለየት ታውቂያለሽ" ብሎ ክብሪት የመፍቻው ክፍል አስገባኝ። የኛም መስኮት ቀለም የተቀባ ነው። የሰው ሥራ እየፈታሁ ነው የምውለው፣ እንደ እርስዎ። አሁን ሬሳ ቤት ያሉት ገባኝ።

ይቅር ብዬዎታለሁ ብል የሁለቱን ልጆች ድርሻ መስጠት ይሆንብኛል፤ ያ የኔ አይደለም። ከኔ በኩል ያለውን ግን ልንገርዎት። መሪውን ከከፈትኩ በኋላ ቶሎ ማስቀመጥ አልቻልኩም። እትዬ ስትሰፋ አጠገቧ ሰው ከተቀመጠ "ክርኔን ነካህብኝ" ብላ ታባርር ነበር። ከፊቷ የሚቀመጥ ደግሞ ስፌቱን ሊማር አይደለም፤ እሷን ሊያይ ነው። ያንን ሁሉ እሑድ ምን ሲያዩ እንደነበር ክሩ ነገረኝ።

በራሴ አድራሻ ይጻፉልኝ።

ታናሽዎ


ኅዳር 9

እህቴ፣

ፈጣሪ የሁለቱን ልጆች ቤት አይዝጋ። በየዕለቱ ጸሎቴ ላይ አስቀድሜ የማነሣው እነሱን ነው፤ ስማቸውን ስለማላውቅ "ያለቀሰችልኝና ጓደኛዋ" እላለሁ። እሱ ያውቃቸዋል። ባገኛቸው ምን እንደምላቸው ግን አላውቅም። ሥራ የሚገኝበት ካለ እኔ እዚህ ለማንም ለመለመን አላፍርም፤ ንገሪያቸው።

ትላንት እሑድ ቤቴ ጠረጴዛው ጋ ወንበሬን ትቼ በእህትሽ ወንበር ተቀመጥኩ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን ተቀምጬበት አላውቅም ኖሯል። ከዚያ በኩል የሚታየው የኔ ወንበር ነው። ሌላ ምንም አይታይም፤ መስኮቱ እንኳ ከጀርባ ነው የሚቀረው። ለካ እሷም ቀና ስትል የምታየው እኔን ነበር። ያሮጌ ቦርሳ ቁራጭ ቆዳ ይዤ ወስፌው አንቺ ጋ ስለሆነ በሚስማር እየበሳሁ ሰፋሁ። እጄ ቀኝ ቀኝ አለኝ፤ ከሷ ቦታ ሆኜ ቀስ ብዬ መለስኩት። ወደ ግራ ገባ። ጫፉን ፈለግሁ። የለም።

ፋብሪካችን አሁንም ወደ ቀኝ ነው የሚሰፋው። "ለምን" በቀደም የእናንተን የድሮውን መሪና የኛን ጎን ለጎን ሰቅሎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጠራኝ።

"የነሱ ወደ ግራ፣ የኛ ወደ ቀኝ። ለምን?"

"ይሄንን እንኳ ሚስቴን ነበር መጠየቅ" አልኩት።

ልቀጥል እንደሆነ ፊቴን አየ። ወንበርም ሳብ አድርጎልኝ ነበር። ብሎኑን ወደምመዝንበት ተመለስኩ።

ሕያው የእህትሽ ባል